ረጅም ቪዲዮ ሲቀናበር ሥራው ለምን ይቋረጣል?

በሀገራችን ሠርግን፣ ምርቃትን፣ ክብረ በዓልንና ተዝካርን በቪዲዮ መቅረጽ ከተለመደ ብዙ ዓመታት ተቆጥረዋል። መቅረጫው ከካሴት ወደ ዲስክ፣ ከዲስክም ወደ ፍላሽ ቢለወጥም የዝግጅቱ ርዝመት ግን አልተለወጠም። ቤተሰብ ከሽማግሌዎች ምርቃት እስከ መልሱ ድረስ ያለው ሁሉ እንዲገባለት ይፈልጋል፤ ባሕር ማዶ ያሉ ዘመዶችም የሚጠብቁት ይህንኑ ነው። ስለዚህ ሁለትና ሦስት ሰዓት የሚፈጅ ፊልም ማዘጋጀት በእኛ ዘንድ እንግዳ ነገር አይደለም። አዘጋጆችን ደጋግሞ የሚያውከው ችግርም ከዚሁ ርዝመት ጋር የተያያዘ ነው፤ የአምስት ደቂቃውን ናሙና ያለ እንከን ያወጣው ፕሮግራም፣ ሙሉውን ፊልም ሲያወጣ መንገድ ላይ ይዘጋል። በዚህ ትምህርት የችግሩን ምክንያትና መፍትሔ በየተራ እንመለከታለን።

ነገሩን በምሳሌ ለመረዳት፣ በአዲስ አበባ ሰንጋ ተራ አንድ የሠርግ ቀራጭ አለ እንበል። ስሙ የከብት ገበያን በሚያስታውሰው፣ ዛሬ ግን የባንኮች ረጃጅም ሕንፃዎች በቆሙበት በዚህ ሰፈር፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ይሠራል። የሁለት ሰዓት ፊልም ለነገ ማድረስ አለበት፤ የሙሽራይቱ እናት ነገ ማታ ወደ ውጭ አገር ይመለሳሉና። አምሽቶ ሬንደር እንዲያደርግ ኮምፒዩተሩን አዝዞ ይተኛል፤ ሌሊት ሲነሣ ፕሮግራሙን ተዘግቶ ያገኘዋል። እንደገና ይጀምራል፤ እንደገና ይዘጋበታል። ይህ ሰው ምን ያድርግ?

1. ሬንደር ማድረግ ምን ማለት ነው?

ሬንደር ማለት ኮምፒዩተሩ የተቆራረጠውን ምስል፣ የተስተካከለውን ቀለም፣ ጽሑፉንና ሙዚቃውን አዋሕዶ አንድ ፋይል የሚያደርግበት ሥራ ነው። በሀገራችን በተለመደው አሠራር በአንድ ሴኮንድ 25 ምስሎች ያልፋሉ፤ የሁለት ሰዓት ፊልም እንግዲህ 180,000 ምስሎች አሉት ማለት ነው። 1920 በ1080 ነጥብ የሆነ አንድ ምስል ሳይጨመቅ 6 ሜጋባይት ያህል ቦታ ይይዛል። ኮምፒዩተሩ እያንዳንዱን ምስል አንሥቶ፣ አስልቶ፣ ጨምቆ ይጽፋል፤ ከዚያም ወደሚቀጥለው ይሻገራል።

ይህ ሥራ በአራት ነገሮች ላይ ይቆማል፤ እነርሱም ሚሞሪ፣ የዲስክ ቦታ፣ ማቀዝቀዣና ኤሌክትሪክ ናቸው። አጭሩ ናሙና ከአራቱ አንዱም ሳይጎድልበት ያልቃል። ረጅሙ ፊልም ግን ለሰዓታት ስለሚሠራ ጥቂት በጥቂት የሚጎድለውን ሁሉ ያጋልጣል። ስለዚህ ናሙናው ስለ ሠራ ብቻ «ኮምፒዩተሬ ደኅና ነው» ማለት አይቻልም።

2. አስቀድሞ መመዝገብ

ብዙዎች ፕሮግራሙ ሲዘጋ ወዲያው አጥፍተው እንደገና ይጭኑታል፤ ወይም አሥር ነገር በአንድ ጊዜ ይለውጣሉ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ እንዲህ ያለው ሰው ችግሩ ቢፈታለት እንኳ በምን እንደ ተፈታ አያውቅም። ከሁሉ አስቀድሞ ወረቀትና እርሳስ ይዞ ሦስት ነገሮችን መጻፍ ይገባል፦

ሀ. ሥራው የቆመው በስንተኛው ደቂቃ ነው? ሁለተኛ ጊዜስ በዚያው ቦታ ቆሟልን?
ለ. የተጻፈው ፋይል መጠኑ ስንት ጊጋባይት ደርሷል?
ሐ. የተዘጋው ፕሮግራሙ ብቻ ነው ወይስ ኮምፒዩተሩ በሙሉ ጠፍቷል?

የእነዚህ መልስ በሽታውን ይለያል።

3. ምልክቱና መድኃኒቱ

ሀ. ሁልጊዜ በአንድ ቦታ የሚቆም ከሆነ፣ ጥፋቱ በዚያ ቦታ ባለው ነገር ውስጥ ነው። የተበላሸ ፋይል፣ ከባድ ማሳመሪያ ወይም ከመጠን በላይ ትልቅ ፎቶግራፍ ሊሆን ይችላል። በሠርግ ፊልም መካከል የሚገባውን የፎቶግራፍ አልበም እንውሰድ። 24 ሚሊዮን ነጥብ ያለው አንድ ፎቶግራፍ በሚሞሪ ውስጥ ሲከፈት 96 ሜጋባይት ያህል ይይዛል፤ መቶ ፎቶግራፎች በአንድነት ቢከፈቱ ወደ 10 ጊጋባይት ይጠጋሉ። ፎቶግራፎቹን አስቀድሞ ወደ ፊልሙ መጠን ማሳነስ ይህን ሸክም ያቀልላል። እንዲሁም ዘመድ በስልክ የቀረጸው ምስል በሴኮንድ የሚያሳልፈው የምስል ቁጥር አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ስለሚል ፕሮግራሙን ሊያውክ ይችላል፤ ሀንድብሬክ በተባለው ነጻ ፕሮግራም ወደ ቋሚ 25 መለወጥ ይበጃል።

የቆመበትን ደቂቃ ያላየ ሰው ፊልሙን ለሁለት ይክፈልና እያንዳንዱን ግማሽ ለየብቻ ይሞክር። እንቢ ያለውን ግማሽ እንደገና ለሁለት ይክፈል። 120 ደቂቃ ሰባት ጊዜ በግማሽ ሲከፈል ከአንድ ደቂቃ በታች ይደርሳል፤ ጥፋቱም የሚሸሸግበት አያገኝም።

ለ. ሁልጊዜ 4 ጊጋባይት ገደማ ሲደርስ የሚቆም ከሆነ፣ ጥፋቱ በፕሮግራሙ ሳይሆን በማስቀመጫው ነው። ፋት 32 በተባለው አሠራር የተዘጋጀ ፍላሽ ከ4 ጊጋባይት የበለጠ አንድ ፋይል አይቀበልም። በሴኮንድ 8 ሜጋቢት የሚጻፍ ፊልም በየሴኮንዱ 1 ሜጋባይት ይሞላል፤ ስለዚህ በአንድ ሰዓት ከ11 ደቂቃ ገደማ ድንበሩን ይነካል። የሰንጋ ተራው ቀራጭ ፊልሙን በቀጥታ ወደ ፍላሽ ይጽፍ ከነበረ፣ አዲስ ኮምፒዩተር ቢገዛ እንኳ አይጠቅመውም። ፊልሙን በኮምፒዩተሩ ዲስክ ላይ ያውጣ፤ ፍላሹንም ኤክስፋት በተባለው አሠራር ያዘጋጅ። ፍላሽን እንደገና ማዘጋጀት በውስጡ ያለውን ሁሉ እንደሚያጠፋ ግን አይርሳ።

ሐ. ጊዜው እየተለያየ የሚቆም፣ በተለይም ኮምፒዩተሩ ራሱ የሚጠፋ ከሆነ፣ ሙቀትንና ኤሌክትሪክን እንጠርጥር። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ማራገቢያው በባሕር ዳርቻ ካለ ከተማ ያነሰ ሙቀት ይጠርጋል። አቧራ ሲጨመርበት፣ ክፍሉ ሲጠብብና ላፕቶፑ በአልጋ ልብስ ላይ ሲቀመጥ፣ ኮምፒዩተሩ ራሱን ከመቃጠል ለማዳን ይጠፋል። አቧራውን ማጽዳት፣ ላፕቶፑን በጠንካራ ጠረጴዛ ላይ ማኖርና መስኮት መክፈት ገንዘብ የማይጠይቁ መድኃኒቶች ናቸው።

መ. ኮምፒዩተሩ ሳይጠፋ ፕሮግራሙ ብቻ የሚዘጋ ከሆነ፣ ሚሞሪውን ወይም ግራፊክስ ካርዱን እንመርምር። ሌሎች ፕሮግራሞች ይዘጉ፤ ጊዜያዊ ፋይሎች የሚከማቹበት ዲስክ በቂ ባዶ ቦታ ይኑረው። አዶቤ ፕሪሚየርን በመሳሰሉ ፕሮግራሞች ሬንደሩ ያለ ግራፊክስ ካርድ፣ በዋናው ፕሮሰሰር ብቻ እንዲሠራ ማዘዝ ይቻላል። ሥራው ይዘገያል፤ ነገር ግን በዚህ መንገድ ከተፈጸመ ጥፋቱ በካርዱ ወይም ካርዱን በሚያንቀሳቅሰው ድራይቨር እንደ ሆነ እናውቃለን።

4. ከፋፍሎ መሥራት

መብራት በድንገት ሲጠፋ የሚደርሰው ጉዳት ከሁሉ ይከፋል። ኤምፒ 4 የተባለው ፋይል ማውጫው ብዙውን ጊዜ በመጨረሻ ይጻፋል፤ ስለዚህ 95 ከመቶ የደረሰ ሥራ ቢቋረጥ የተጻፈው እንኳ አይከፈትም። ዩፒኤስ ጥሩ ረዳት ነው፤ ነገር ግን ብዙዎቹ የሚያቆዩት ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው።

ስለዚህ የሁለት ሰዓቱን ፊልም ስምንት ቦታ፣ በየ15 ደቂቃው ከፍሎ ማውጣት ይመረጣል። መብራት ቢጠፋ የሚጠፋው አንዱ ክፍል ብቻ ነው። መቁረጫው በዘፈን ወይም በንግግር መካከል ሳይሆን ትዕይንቱ በሚለወጥበት ይሁን፤ የሁሉም ክፍሎች መጠን፣ የምስል ቁጥርና የድምፅ ዓይነት አንድ ይሁን። እንዲህ ከሆነ ክፍሎቹን እንደገና ሳይጨምቁ በአጭር ጊዜ ማገጣጠም ይቻላል። ማለዳ የሚደርስ ሥራ ያለበት ሰው፣ ምክንያቱን ለማወቅ ጊዜ ባይኖረው እንኳ፣ በዚህ መንገድ ቃሉን መጠበቅ ይችላል።

5. ዋናውን ቅጂ መጠበቅ

የተበላሸ ሬንደር ይደገማል፤ የጠፋ ዋና ምስል ግን አይደገምም። በአንድ ሠርግ የመረቁ አያት ለሚቀጥለው ላይደርሱ ይችላሉ፤ ድምፃቸው የቀረው በዚያች ካርድ ላይ ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቅንብር ከመጀመሩ በፊት ዋናው ምስል በሁለት የተለያዩ ዲስኮች ይገልበጥ፤ ባለቤቶቹ ፊልሙን ተቀብለው እስኪያዩት ድረስም አይደምሰስ። የሥራው ፋይል በየቀኑ በአዲስ ስም ይቀመጥ። ፈቃድ የሌለው፣ ከማይታወቅ ቦታ የመጣ ፕሮግራምም ቫይረስ ይዞ ሊገባ ስለሚችል፣ አቅም የሌለው ሰው እንደ ዳቪንቺ ሪዞልቭ ያለውን በነጻ የሚሰጥ ፕሮግራም ቢጠቀም ከሥጋት ይድናል።

ለውይይትና ለልምምድ

1. አንድ ፊልም በመጀመሪያ በ40ኛው፣ ቀጥሎ በ65ኛው፣ በሦስተኛው ጊዜ በ22ኛው ደቂቃ ቆመ፤ ኮምፒዩተሩም እያንዳንዱን ጊዜ ጠፍቷል። መጀመሪያ የምንመረምረው ምንድን ነው?
2. በሴኮንድ 2 ሜጋባይት የሚጻፍ ፊልም በፋት 32 ፍላሽ ላይ በስንት ደቂቃ ገደማ ይቆማል?
3. በእጃችን ካሉ የቤተሰብ ምስሎች መካከል አንድ ቅጂ ብቻ ያላቸው የትኞቹ ናቸው? በዚህ ሳምንት ሁለተኛ ቅጂ እናድርግላቸው።