የከሳች ፍየል ምን ነካት?

ሰው ሲያመው «እዚህ ጋ አመመኝ» ብሎ ይናገራል። ፍየልና ግመል ግን አፍ የላቸውም። እነሱ የሚናገሩት በዐይናቸው፣ በጠጉራቸው፣ በበጠጣቸውና በአረማመዳቸው ነው። ይህን የሚያነብላቸው ባለቤታቸው ነው። ፊደል ቆጥሮ ማንበብ የቻለ ሰው ይህንንም ማንበብ አያቅተውም።

ከድሬዳዋ ዙሪያ ገጠር ወተት ይዛ መጋላ፣ ቀፊራ ገበያ የምትመጣ እናት የቤቷን ጨው፣ ዘይትና ስኳር የምትገዛው በዚያ ወተት ነው። ፍየሏ ከሳች፣ ወተቷም ነጠፈ ማለት ቤቱ ጎደለ ማለት ነው። ታዲያ ብዙዎቻችን ምን እናደርጋለን? ገበያ ወጥተን «የከሳ ፍየል መድኃኒት ስጠኝ» እንላለን። ሻጩም ያለውን ይሰጣል።

እንዲህ የሚባል መድኃኒት ግን የለም። መክሳት በሽታ አይደለም፤ የበሽታ ምልክት ነው። ጭስ ባዩ ጊዜ እሳቱ የት እንደሆነ ሳያውቁ ውኃ እንደማይደፉት ሁሉ፣ በሽታው ሳይታወቅም መድኃኒት አይሰጥም። ዛሬ እንስሳን የሚያከሱ ሦስት በሽታዎችን እንማራለን። ሦስቱም የሚመጡት በጥገኛ ተሕዋስያን ነው። ጥገኛ ማለት በሌላው ሰውነት ላይ ወይም ውስጥ ተቀምጦ፣ የሌላውን ደምና ምግብ እየበላ የሚኖር ማለት ነው።

አንደኛው፦ ደም መጣጭ የሆድ ትል

ይህ ትል በፍየልና በበግ ጨጓራ ውስጥ ይኖራል። ቀጭን ነው፤ ርዝመቱ ከጣት አንድ አንጓ አይበልጥም። አንዱ ትል በቀን የሚመጠው ደም 0.05 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ትንሽ ይመስላል አይደል? እስቲ እናስላው። በአንዲት ፍየል ሆድ ውስጥ 1000 ትል ቢኖር በቀን 50 ሚሊ ሊትር ደም ይሄዳል። ይህ ከቡና ሲኒ ግማሽ ይበልጣል። 20 ኪሎ የምትመዝን ፍየል ያላት ደም ደግሞ በሙሉ 1 ሊትር ተኩል እንኳ አይሞላም። ሰውነቷ የሄደውን ደም ሊተካ ይታገላል፤ ሲያቅተው ትወድቃለች።

ምልክቱ ምንድን ነው? የታችኛውን የዐይን ሽፋን በአውራ ጣት ዝቅ አድርጋችሁ ውስጡን ተመልከቱ። የጤነኛ ፍየል ቀይ ነው። ደም ያነሳት ፍየል ሐመር ሮዝ ይሆናል። ሲብስም እንደ ወረቀት ይነጣል። አንዳንድ ጊዜ ከመንጋጋዋ ሥር ውኃ የቋጠረ እብጠት ይታያል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የእንስሳት ሐኪሞች ለዚህ ምርመራ ባለ 5 ቀለም ካርድ ሠርተዋል። ገበሬው ካርዱን ከዐይኑ ሽፋን ጋር እያስተያየ የትኛዋ ፍየል መታከም እንዳለባት ይለያል።

ነገር ግን የዐይን መንጣት ብቻውን አይበቃም። ሌላም በሽታ ደም ያሳንሳል። ስለዚህ ጧት የወደቀ ትኩስ በጠጥ በንጹሕ ዕቃ ይዛችሁ ወደ እንስሳት ጤና ኬላ ሂዱ። ባለሙያው በማይክሮስኮፕ የትሉን እንቁላል ይፈልጋል። አንዲት እናት ትል በቀን ከ5000 እስከ 10000 እንቁላል ስለምትጥል፣ ካለ ይገኛል።

ሁለተኛው፦ እከክ

የእከክ ተባይ በዐይን የማትታይ፣ ቆዳን ሰርስራ የምትገባ ፍጡር ናት። እንስሳው ከዛፍና ከድንጋይ ጋር ይተሻሻል። ጠጉሩ ይረግፋል፤ ቆዳው ይወፍራል፣ ይሰነጣጠቃልም። ሲያክ ስለሚውል ግጦሹን ይተዋል፤ ይከሳል። ግመልን በጣም ያጠቃል። ከግመል ወደ እረኛውም ተሻግራ ሰውን ታሳክካለች።

ባለሙያው ከቁስሉ መሐል ሳይሆን ከጠርዙ ቆዳውን ትንሽ ፍቆ በማይክሮስኮፕ ያያል፤ ተባዩዋ የምትገኘው እዚያ ነውና። አንዳንድ ሰው የተቃጠለ የመኪና ዘይት ይቀባል። ይህ ቆዳውን ያቃጥላል፤ እንስሳውም ሲልሰው ይመረዛል። ይቅር።

ለእከክ የሚሆን አይቨርሜክቲን የሚባል መርፌ አለ። የመድኃኒቱ ምንጭ ሳቶሺ ኦሙራ የተባሉ ጃፓናዊ ከአፈር ያገኙት ረቂቅ ሕዋስ ነው። እሳቸውና መድኃኒቱን ለጥቅም ያበቁት ዊልያም ካምቤል፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2015 የኖቤል ሽልማት ተሸልመዋል። መርፌው ተባዩዋን እንጂ እንቁላሏን አይገድልም። ስለዚህ ባለሙያው በሚለው ቀን፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 ሳምንት በኋላ፣ ይደገማል። «ድኗል» ብሎ ሁለተኛውን መተው እከኩን መልሶ መጥራት ነው።

ሦስተኛው፦ ሱራ

ሱራ የገንዲ ዘመድ ነው፤ ግመልን ያጠቃል። ገንዲ የቆላ ዝንብ ይፈልጋል። ሱራ ግን በተራ ተናካሽ ዝንቦች ከግመል ወደ ግመል ይተላለፋል። ስለዚህ የገንዲ ዝንብ በሌለበት አገርም ይገኛል። ሕዋሱን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1880 በሕንድ አገር ያገኘው ግሪፍዝ ኢቫንስ የተባለ የእንስሳት ሐኪም ነው።

ትኩሳቱ ይመጣል፣ ይሄዳል። ግመሏ እየበላች ትከሳለች፤ ሻኛዋ ይሟሽሻል፤ ያረገዘችም ትጨነግፋለች። የሚታወቀው ደሟ ሲመረመር ነው፤ በተለይም ትኩሳት ባለባት ቀን።

እዚህ ላይ ልብ በሉ! ዲሚናዚን የሚባለው መድኃኒት ለከብት ገንዲ ይሰጣል። ለግመል ግን መርዝ ሊሆንባት ይችላል። «ለበሬዬ ሠርቷል» ብሎ ለግመል መውጋት ግመልን ያሳጣል። ለግመል የሚሆነው ሌላ ነው፤ እሱንም ባለሙያው ነው የሚያዘው።

ከባሕር ዓሣ ምን እንማራለን?

የባቡር ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። በዚያ ሐዲድ ማዶ፣ በጅቡቲ ባሕር ውስጥ፣ ኮራል የሚባል እንደ ድንጋይ የጠጠረ ሕያው ፍጡር ይበቅላል። በኮራሉ መሐል ቀለማቸው የሚያምር ዓሦች ይኖራሉ። በዓለም ላይ እንዲህ ያሉ ዓሦችንና ኮራልን በመስታወት ገንዳ በጨው ውኃ የሚያረቡ ሰዎች አሉ።

እነዚህን ዓሦች ነጭ ነጠብጣብ የሚያወጣ ጥገኛ ያጠቃቸዋል። ነጠብጣቡ በዓሣው ላይ ከ3 እስከ 7 ቀን ይቆይና ይጠፋል። ባለቤቱ «ዳነልኝ» ይላል። አልዳነም! ጥገኛው ወርዶ ገንዳው ወለል ላይ ተጣብቋል። እዚያ ተራብቶ፣ ብዙ ሆኖ ይመለሳል። መድኃኒቱ መዳብ ያለበት ነው፤ ይህ ግን ኮራሉን ይገድላል። ስለዚህ ብልህ ባለቤት የታመመውን ዓሣ ለብቻው በሌላ ገንዳ ያክማል። አዲስ የገዛውንም ዓሣ በቀጥታ ከነባሮቹ ጋር አይቀላቅልም፤ ለብቻው ለይቶ ያየዋል።

የፍየላችን ትልም እንዲሁ ነው። እንቁላሉ ከበጠጥ ጋር ሜዳ ላይ ይወድቃል። ዝናብና ሙቀት ሲያገኝ በ1 ሳምንት ገደማ የተፈለፈለው ትል ሣር ላይ ይወጣል፤ ፍየሏም ትበላዋለች። ስለዚህ የሚታከመው እንስሳው ብቻ አይደለም፤ ጉረኖውና ግጦሹም ይታሰብበት።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

1. ከበልግና ከክረምት ዝናብ በኋላ የፍየሎቻችሁን የዐይን ሽፋን በየ2 ሳምንቱ ተመልከቱ።

2. አዲስ የተገዛን እንስሳ በቀጥታ ከመንጋው አትቀላቅሉ። ቢያንስ 3 ሳምንት ለብቻው አስራችሁ አስመርምሩት።

3. መድኃኒት ከመግዛታችሁ በፊት በጠጡን፣ ቆዳውን ወይም ደሙን አስመርምሩ።

4. እንስሳው በእህል ሚዛን ይመዘን። አንዱን ፍሬ ለሁለት ፍየል ከፍሎ መስጠት ቁጠባ ይመስላል። ደካማው ትል ይሞታል፤ ብርቱው ተርፎ ይራባል። በኋላ ሙሉው መድኃኒትም አይበግረውም።

5. ያረገዘች ከሆነች ተናገሩ። ለምሳሌ አልቤንዳዞል የሚባለው የትል መድኃኒት በእርግዝና መጀመሪያ ላይ ጽንሱን ይጎዳል።

6. «ወተቷ ስንት ቀን አይጠጣም?» ብላችሁ ጠይቁ። መድኃኒት ያለበት ወተት ለልጅም ለገበያም አይሆንም።

7. ጉረኖውን ጥረጉ፤ ጥራጊውንም ከግጦሽ ራቅ አድርጋችሁ ከምሩ።

ምርመራ ጊዜ ይወስዳል፤ መንገድም ያስኬዳል። ቢሆንም የማይሆን መድኃኒት የገዛ ሰው ገንዘቡንም ፍየሉንም ያጣል። የመድኃኒቱን ስም፣ የተሰጠበትን ቀንና የሚደገምበትን ቀን በደብተራችሁ ጻፉ። አሁን መጻፍ ትችላላችሁ።

ጥያቄዎች

ሀ. መክሳት በሽታ ነው ወይስ ምልክት? ለምን?

ለ. በአንዲት ፍየል ሆድ ውስጥ 600 ደም መጣጭ ትል ቢኖር በቀን ስንት ሚሊ ሊትር ደም ይሄድባታል?

ሐ. ለበሬ የሚሰጥ መድኃኒት ለግመል ለምን አይሰጥም?

መ. ቤታችሁ ያለችውን አንዲት ፍየል ዐይን ዛሬ ማታ ተመልከቱ። ያያችሁትን በሦስት መስመር ጽፋችሁ ነገ ለጓደኞቻችሁ አንብቡ።