ያረጀ ሞተር ወፍራም ዘይት ይሻልን?

በጋራዦቻችን እንደ ሕግ የሚነገር አባባል አለ፤ «ያረጀ ሞተር ወፍራም ዘይት ይወዳል» ይባላል። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተወሰነ ወዲህ አሮጌ መኪና ማሰንበት የብዙ ቤተሰብ ጉዳይ ሆኗልና አባባሉ በፊዚክስ መነጽር ቢታይ ተገቢ ነው። ለዚህም የመንዙ ጓሳ ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል። ስፍራው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3200 ሜትር ይበልጣል፤ በበጋ ሌሊት ሣሩ ውርጭ ይለብሳል። ከዚያ ተነሥቶ በጣርማ በር በኩል ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ መኪና ግን በዚያው ዕለት 1300 ሜትር ገደማ ላይ ከቆላው ሙቀት ይደርሳል።

መካኒኮች «ውፍረት» የሚሉት በሳይንሱ ዝልግልግነት ይባላል፤ ይኸውም ፈሳሽ ላለመፍሰስ የሚያሳየው ተቃውሞ ነው። ዘይት ሲበርድ ዝልግልግነቱ የሚጨምረው በጥቂቱ አይደለም። የተለመደ 15ደብልዩ-40 ዘይት በ0 ዲግሪ ሴልሺየስ በ100 ዲግሪ ከሚኖረው 90 እጥፍ ያህል ይወፍራል። ማለዳ ሞተሪኖው የሚያቃስተው አንድም በዚህ ነው።

የዘይት ደረጃዎችን እ.ኤ.አ. በ1911 ማውጣት የጀመረው የአሜሪካ የአውቶሞቢል መሐንዲሶች ማኅበር ነው። በቆርቆሮው ላይ ከ«ደብልዩ» በፊት ያለው ቁጥር የብርድ ጠባዩን፣ ሁለተኛው በ100 ዲግሪ ያለውን ውፍረት ያመለክታል። ብዙ ተማሪዎች 20ደብልዩ-50 ሲሞቅ ከ20 ወደ 50 የሚወፍር ይመስላቸዋል። እንዲህ ያለ ዘይት የለም፤ ይህም እንደ ሌላው ሲሞቅ ይቀጥናል፤ የተጨመረበት ፖሊመር ግን የመቅጠኑን መጠን ይቀንሳል። «40» ብቻ የተጻፈበት ዘይት በአንጻሩ ስለ ብርድ የሚሰጠው ዋስትና የለም፤ በ0 ዲግሪ ከ15ደብልዩ-40 ከ2 እጥፍ በላይ ይወፍራል።

አሁን ወደ አባባሉ እንመለስ። ሞተር ሲያረጅ በሚሽከረከሩ ክፍሎቹ መካከል ያለው ክፍተት ይሰፋል፤ የዘይት ግፊትም ይወርዳል። በጠባብ ክፍተት የሚያልፍ ፈሳሽ መጠን በዝልግልግነቱ ልክ ይቀንሳል፤ ከክፍተቱ ስፋት ጋር ግን በሦስተኛ ርቢ ያድጋል። ስለዚህ ክፍተቱ በሩብ ቢሰፋ የሚያመልጠው ዘይት ወደ 2 እጥፍ ይጠጋል። ከ40 ወደ 50 ደረጃ መሸጋገር ደግሞ ዝልግልግነትን የሚያሳድገው በሩብ ገደማ ነው። ወፍራም ዘይት የጠፋውን ብረት አይተካም፤ ጥቂት ጊዜ ይገዛል እንጂ። ዋጋውም በየማለዳው ይከፈላል፤ ዘይቱ ላይኛዎቹ ክፍሎች ዘንድ እስኪደርስ ብረት ከብረት ይፋተጋል።

እንግዲህ ግፊቱ ደኅና የሆነና ዘይት የማይበላ አሮጌ መኪና በጓሳ የሚያድር ከሆነ፣ የፋብሪካው መጽሐፍ እስከፈቀደ ድረስ 15ደብልዩ-40 ይበቃዋል። ፋሻው አልቆ ሰማያዊ ጢስ የሚያወጣ ከሆነ 20ደብልዩ-50 መሞከር ይቻላል። ይህ ደረጃ በብርድ የሚፈተነው በ15 ዲግሪ ከዜሮ በታች በመሆኑ የጓሳን ማለዳ አያቅተውም፤ ነገር ግን ሞተሩ እንደ ተነሣ ነዳጅ አብዝቶ መርገጥ አይገባም። ባለ አንድ ቁጥሩን «40» ወይም «50» ለጓሳ አልመርጠውም። የዘይት መብራቱ በሞቀ ሞተር ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ደግሞ ዘይት ከመቀየር በፊት ግፊቱን በመለኪያ ማስለካት ይቀድማል።