የአየር ጉዞ ፊደልና መልክዐ ምድር

ማናቸውም ሥራ የራሱ ቋንቋ አለው። ሸማኔውም ሐኪሙም ለየሥራቸው የሚናገሩት፣ ለሌላው ሰው የማይገባ ቃል አላቸው። የአየር ጉዞ ትኬት የሚቆርጥ ሰው ቋንቋ ደግሞ ሦስት ሦስት ፊደል ነው። ይህን ሙያ ለመማር የሚያስቡ ጓደኞች ስላሉን፣ ስለ መጀመሪያው ትምህርት ጥቂት ለመጻፍ አሰብሁ። ላስረዳ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ፊደሉን በቃል ማጥናት ብቻውን መንገደኛውን ካሰበበት እንደማያደርሰውና፣ ከፊደሉ በስተኋላ ያለውን አገርና ሰዓት ማወቅ የግድ እንደሚያስፈልግ ነው።

ጉዳዩ የጥቂቶች ብቻ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር ወደ ሰፈሩ ይመልከት። በከተማችን ምዕራብ በኩል እኔ በምኖርበት በሳንሱሲ፣ ለሥራ ወደ ቤይሩት ወይም ወደ ጅዳ የሚሄድ ሰው ትኬቱን በተቀበለ ጊዜ የሚያነብለት ተማሪ ይፈልጋል። የትኬቱ ገንዘብ ብዙ ጊዜ የዘመድ መዋጮ ወይም ብድር ነው። አይሮፕላኑ ካመለጠው የሚጠፋው አንድ ወረቀት ሳይሆን የአንድ ቤተ ሰብ ጥሪት ነው።

1ኛ/ ስለ ፊደሎቹ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያውን በረራ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ባደረገ ጊዜ መዳረሻዎቹ በጣት የሚቈጠሩ ነበሩ። ዛሬ ግን ከ100 በላይ ወደሆኑ የውጭ አገር መዳረሻዎች ይበራል። በዚህ ላይ አንዱን ስም በላቲን ፊደል አንዱ እንዲህ፣ ሌላው እንዲያ ይጽፈዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ የአየር ጣቢያ በዓለም ዙሪያ አንድ ብቻ የሆነ ባለ ሦስት ፊደል ምልክት ተሰጠው። ምልክቱን የሚሰጠው በሚያዝያ 1937 ዓ.ም. በሐቫና የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር ነው። ሃያ ስድስቱ የላቲን ፊደላት ሦስት ሦስት እየሆኑ ቢቀናጁ 17,576 ምልክት ያስገኛሉ። አየር መንገዶች ግን በሁለት ምልክት ይጠራሉ፤ የኛው ኢ ቲ ነው።

ከአገራችን ምልክቶች አንዳንዶቹ በቀላሉ ይያዛሉ፤ አዲስ አበባ ኤ ዲ ዲ፣ ድሬዳዋ ዲ አይ አር፣ ላሊበላ ኤል ኤል አይ፣ አክሱም ኤ ኤክስ ዩ ነው። አንድ ምልክት ለሁለት ስፍራ ስለማይሰጥ ግን ከስሙ ጋር የማይገናኝ ፊደል የሚገባበት ጊዜ አለ፤ ጎንደር ጂ ዲ ኪው፣ መቀሌ ደግሞ ኤም ኪው ኤክስ ነው።

አደጋው ያለው ከሚያስቸግሩት ላይ ሳይሆን ከሚመሳሰሉት ላይ ነው። ጅማ ጄ አይ ኤም፣ ጅጅጋ ጄ አይ ጄ፣ ጅቡቲ ጄ አይ ቢ ነው። የሦስቱ ልዩነት የመጨረሻዋ ፊደል ብቻ ናት። ነገር ግን አንዱ በደቡብ ምዕራብ፣ ሁለተኛው በምሥራቅ፣ ሦስተኛው ከድንበር ማዶ ፓስፖርት የሚጠየቅበት ሌላ መንግሥት ነው። እንዲሁም ጎንደር ጂ ዲ ኪው ሲሆን ጎዴ ጂ ዲ ኢ ነው፤ አሶሳ ኤ ኤስ ኦ ሲሆን አሥመራ ኤ ኤስ ኤም ነው፤ አርባ ምንጭ ኤ ኤም ኤች ሲሆን የዮርዳኖስ ዋና ከተማ አማን ኤ ኤም ኤም ነው።

በስልክ ሲነጋገሩ ጂ እና ጄ፣ ቢ እና ዲ በጆሮ ይምታታሉ። ለዚህ መድኀኒት የሆነው፣ ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ከ1948 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የፊደል መጥሪያ ነው። በዚህ ሥርዐት ጅማ «ጁልየት፣ ኢንዲያ፣ ማይክ»፣ ጅቡቲ «ጁልየት፣ ኢንዲያ፣ ብራቮ» ተብሎ ይጠራል። ይህን መጥሪያ ከሁሉ አስቀድሞ ማጥናት ይገባል።

2ኛ/ ስለ መልክዐ ምድሩ

ባለ ሦስት ፊደሉ ምልክት ስፍራው ከወዴት እንደሆነ አይናገርም። አብራሪዎች የሚሠሩበት ባለ አራት ፊደል ምልክት ይናገራል፤ የቦሌ ኤች ኤ ኤ ቢ ነው፤ ፊተኛዋ ኤች ይህን የአፍሪካ ክፍል፣ ተከታይዋ ኤ ኢትዮጵያን ታመለክታለች። ኬንያ በዚሁ ደንብ ኤች ኬ ብሎ ይጀምራል። ትኬት ቆራጩ ግን እንዲህ ያለ ምሪት ስለሌለው ካርታውን በራሱ ውስጥ መያዝ አለበት።

ሐረር የሚሄድ ሰው ሐረር የሚባል የአየር ጣቢያ አያገኝም፤ ድሬዳዋ ወርዶ በመኪና ይወጣል። አድዋ የሚሄደው አክሱም ይወርዳል። የደሴ ምልክት ዲ ኤስ ኢ ይባላል፤ አይሮፕላኑ የሚያርፈው ግን ኮምቦልቻ ነው። ጂንካ የምትጠራው ባኮ በተባለው ስም ቢ ሲ ኦ ተብላ ነው። ይህን የማያውቅ ወኪል በምዕራብ ሸዋ ያለችውን ባኮን የፈለገ መንገደኛ ወደ ኦሞ ሊሰድደው ይችላል።

በውጭ አገር ደግሞ አንድ ከተማ ብዙ ጣቢያ ሊኖረው ይችላል። ለንደን በጠቅላላው ኤል ኦ ኤን ሲባል፣ ሂትሮው ኤል ኤች አር፣ ጋትዊክ ኤል ጂ ደብልዩ ነው። በአንዱ ወርዶ ከሌላው የሚነሣ መንገደኛ የእንግሊዝን ድንበር አልፎ በመኪና መሄድ አለበት። «ያው ለንደን ነው» ብሎ ትኬት የሚቆርጥ ሰው መንገደኛውን በሰው አገር ለችግር ይዳርገዋል።

3ኛ/ ስለ ሰዓትና ስለ ቀን

ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው፤ መጽሐፉ የሚዘጋጀው በውጭ አገር ስለሆነ የኛን ሰዓት አያስተምርም። ትኬት የሚጻፈው በ24 ሰዓት ነው። ከ7 እስከ 18 ያለው ቍጥር 6 ሲቀነስለት የኛ የቀን ሰዓት ይሆናል። ከ19 እስከ 23 ካለው 18 ይቀነሳል፤ ከ0 እስከ 6 ባለው ላይ 6 ይጨመራል። ስለዚህ 14፡00 ከቀኑ 8 ሰዓት፣ 21፡00 ከምሽቱ 3 ሰዓት፣ 02፡00 ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው።

ቀኑም እንዲሁ ነው። ፈረንጆች ቀን የሚለውጡት በኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። «ሐሙስ 01፡15» ተብሎ የተጻፈውን መንገደኛው ሐሙስን ውሎ ለማታው ቢዘጋጅ፣ አይሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሆነው ነው። አማርኛችን ለዚህ የታወቀ ቃል አለው፤ «ረቡዕ ሌሊት፣ ለሐሙስ አጥቢያ» ማለት ነው። ይህን ቃል የሚጠቀም ወኪል ማንንም አያሳስትም። ወሩንም «መስከረም» ብሎ በግምት መተርጐም አይገባም፤ ሴፕቴምበር 5 ማለት ነሐሴ 30 ነው።

የየአገሩንም ሰዓት ማወቅ ይገባል። ኢትዮጵያ ከግሪንዊች በ3 ሰዓት፣ ዱባይ በ4 ሰዓት ይቀድማሉ። ከአዲስ አበባ በ10፡00 ተነሥቶ ዱባይ በ15፡00 የሚደርስ አይሮፕላን በአየር ላይ የሚቈየው 5 ሰዓት ሳይሆን 4 ሰዓት ነው።

መልመጃ

አንዲት መንገደኛ ከሳንሱሲ ተነሥታ ወደ ቢ ኢ ዋይ ልትሄድ ነው። ትኬቷ ሐሙስ 01፡15 ይላል። ምን ትነግሯታላችሁ?

መልስ፦ ከተማው ቤይሩት፣ አገሩ ሊባኖስ ነው። አይሮፕላኑ የሚነሣው ለሐሙስ አጥቢያ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ15 ነው። ከ3 ሰዓት በፊት ቦሌ መገኘት ቢኖርባት፣ ረቡዕ ማታ 4 ሰዓት ከ15 ላይ መድረስ አለባት ማለት ነው። ሳንሱሲ በምዕራብ ስለሆነች ቦሌ ለመድረስ ከተማውን ማቋረጥ አለባት፤ ስለዚህ ረቡዕ ቢዘገይ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ከቤቷ ትውጣ።

ጓደኞቼ፣ በዚህ ሥራ የምትሰማሩ ሁሉ ትኬቱን ለባለቤቱ ከመስጠታችሁ በፊት ሦስት ነገር በአማርኛ ንገሩት፤ የሚወርድበትን ከተማና አገር፣ አይሮፕላኑ የሚነሣበትን ሰዓት በኛ አቈጣጠር፣ ከቤቱ የሚወጣበትን ማታ። ከዚያም እርሱ ራሱ መልሶ እንዲነግራችሁ አድርጉ።