የሰው ልጅ ሙሉ ሕይወትና የኑሮ ልዩነት



ስለ ሰው ደኅንነት ስንነጋገር ብዙዎቻችን አስቀድመን የምናስበው የጎተራን መሙላት ነው። ያለ እህል ሕይወት እንደማይኖር የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ በ1967 እ.ኤ.አ. ስለ ሕዝቦች ዕድገት በጻፉት ሐዋርያዊ መልእክት እንዳስተማሩት፣ እውነተኛ ዕድገት በሀብት መብዛት ብቻ አይለካም፤ እያንዳንዱን ሰው፣ ሰውንም በሁለንተናው የሚያሳድግ ሊሆን ይገባዋል። የዚህን ትምህርት ትርጉም ከወሎ ታሪክና ኑሮ እንመልከት።

1. ረኃብ የእህል እጦት ብቻ ነውን?

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ የደረሰውን ረኃብ ሁላችንም እናውቃለን። ሕንዳዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ ድርቁ የወሎን አዝመራ ቢያጠፋም የኢትዮጵያ ጠቅላላ ምርት እጅግ እንዳልቀነሰ፣ በደሴ ገበያም የእህል ዋጋ ያን ያህል እንዳልናረ፣ እንዲያውም ከወሎ ወደ ሌላ ስፍራ የወጣ እህል እንደነበረ አስረድቷል። ገበሬው የሚሸጠው አልነበረውም፤ የአርብቶ አደሩ ከብት አልቋል፤ የቤት አገልጋዩም የሚያሳድረው ጌታ አጣ። እህል በገበያ ሳለ መግዣ ያጣ ሰው ሞተ። እንግዲህ ድርቁ ከሰማይ ቢመጣም፣ ማን እንደሚተርፍና ማን እንደሚሞት የወሰነው የኑሮ ልዩነት ነበር።

2. መሬት ያለው፣ ጥማድ የሌለው

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን አስቀርቷል። ነገር ግን መሬት ሲከፋፈል በሬ አልተከፋፈለም። በማሻ፣ በመካነ ሰላምና በዙሪያው ደጋ ማሳ ያለው ሁሉ ጥማድ የለውም። አንድ በሬ ያለው ከመሰሉ ጋር ይቀናጃል። ምንም የሌለው ግን ጉልበቱን ሰጥቶ በሬ እስኪያገኝ የዘር ወቅት ያመልጠዋል፤ ዘግይቶ የተዘራውንም ገብስ ውርጭ ይደርስበታል። ልማድ ሴትን እርፍ ስለማያስጨብጣት፣ ባሏ የሞተባት እናት መሬቷን ለእኩል አራሽ ሰጥታ ምርቷን ታካፍላለች። ልጇም የሰው ከብት ሊጠብቅ ከትምህርት ቤት ይቀራል። በዚህ መንገድ የዛሬው ልዩነት የነገውን ይወልዳል።

3. ልዩነት የሚጎዳው ሆድን ብቻ አይደለም

በእንግሊዝ አገር በ1967 እ.ኤ.አ. በለንደን የመንግሥት ሠራተኞች ላይ አንድ ጥናት ተጀመረ። እነዚህ ሰዎች ሁሉም ደመወዝተኞች ነበሩ። ሆኖም በዝቅተኛው ደረጃ ያሉት ወንዶች ከከፍተኞቹ ይልቅ በልብ ሕመም የመሞታቸው መጠን 3 እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ፤ ማጨስና የመሳሰለው ልማድ ምክንያቱን በከፊል ብቻ ነበር የሚገልጸው። በራሱ ሥራና ኑሮ ላይ ሥልጣን ማጣት ሥጋን ጭምር ያደክማል።

በእኛም ዘንድ ይህ ይታያል። የእድር መዋጮ ለሁሉ እኩል ነው፤ ሸክሙ ግን እኩል አይደለም። መክፈል ያቃተው ሰው አፍሮ ይቀራል፤ ከእድር የቀረ ከለቅሶና ከሠርግም ይርቃል፤ በመጨረሻም ምክር የሚጠይቀው ሰው አይኖርም። እንጀራ ቢያገኝ እንኳ ከሰው ተራ ወጥቷል።

4. ምን እናድርግ?

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 16 የተነገረው ባለጠጋ አልዓዛርን ዘረፈ አልተባለም። ጥፋቱ በደጁ የወደቀውን ወንድሙን እንዳላየ ሆኖ መኖሩ ነው። ስለዚህ ምጽዋት መልካም ቢሆንም ብቻውን አይበቃም፤ ወንድማችን ከተራበ በኋላ ከማብላት፣ ሳይራብ በእግሩ እንዲቆም ማገዝ ይቀድማል። በወሎ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በደቦና በወንፈል አብረው ሲሠሩ ኖረዋል። ይህ ውርስ ጥማድ ለሌላት እናት የዘር ወቅት ሳያልፍ ይድረስ። እድራችንም የቸገረውን በጉልበቱ ወይም በእህል እንዲከፍል ይፍቀድለት።

ለውይይት

ሀ. በመንደራችን ዘንድሮ ጥማድ አጥቶ የዘገየ ማነው?
ለ. ከእድራችን በድህነት የቀረ አለን? ማንስ ሄዶ ጠየቀው?
ሐ. በስብሰባችን ቃሉ የማይሰማ ሰው ማነው?

እነዚህን ጥያቄዎች በየቤታችንና በየማኅበራችን እንመርምራቸው። የአንዱ ጎድሎ መቅረት የሁላችን ጉድለት ነውና።