ከጃጁራ ወደ ሆሳዕና አኳሪየም ሲዛወር፦ ከዓሣው ቀድሞ ማጣሪያው

አኳሪየም ያለው ሰው ቤት ሲቀይር የሚጨነቀው ለመስታወቱና ለዓሣዎቹ ነው። ጉዞውን በሰላም የጨረሰ ዓሣ ግን አዲሱ ቤት ከገባ ከቀናት በኋላ ሊሞት ይችላል፤ ምክንያቱም የኖረበት ነገር አብሮት አልመጣም። ዓሣ በስንጥቡ በኩል አሞኒያ ያስወጣል። አሞኒያ መርዝ ነው። በማጣሪያው ስፖንጅና በጠጠሩ ላይ የተጣበቁ ባክቴሪያዎች መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎ ጉዳቱ ወደቀለለው ናይትሬት ይለውጡታል። እነዚህን ባክቴሪያዎች ከባዶ ለማራባት ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ስለዚህ ከጃጁራ ወደ ሆሳዕናም ሆነ ከሆሳዕና ወደ አዲስ አበባ ለሚዛወር ሰው ዋናው ሥራ እርጥብ ማጣሪያውን በሕይወት ማድረስ ነው።

«እንግዲያው አሮጌው ውኃ በሙሉ ይጫን» የሚል ይኖራል። 100 ሊትር ውኃ 100 ኪሎ ይመዝናል፤ ባክቴሪያው ደግሞ በአብዛኛው የሚኖረው ተጣብቆ እንጂ ተንሳፎ አይደለም። ዓሣዎቹ የሚጓዙበትንና ስፖንጁ የሚነከርበትን ያህል አሮጌ ውኃ ይበቃል። ቀሪው አዲስ ይሁን፤ ዝግጅቱ ግን ከዋዜማው ይጀምራል። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ስላለበት ዓሣውንም ባክቴሪያውንም ይጎዳል። በአፈ ሰፊ ባልዲ ለ24 ሰዓት፣ ቢቻል የአየር ፓምፕ እየሠራበት፣ ክፍቱን ይደር፤ ክሎሪን ማስወገጃ መድኃኒት ከተገኘ የበለጠ አስተማማኝ ነው። የጉድጓድ ውኃ ክሎሪን ባይኖረውም ኦክስጅኑ ሊያንስ ስለሚችል እሱም አየር ይሰጠው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ባልዲዎቹን ከቀናት በፊት መሙላት ነው።

ከጉዞው በፊት ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ምግብ ያቁሙ። ጭካኔ የሚመስለው ሰው አለ፤ ሆኖም ጤነኛና ያደገ ዓሣ ይህን ያህል ሳይበላ መቆየት አይከብደውም፤ በልቶ የተጫነ ዓሣ ግን በጠባብ ውኃ ውስጥ በገዛ እዳሪው ይመረዛል። በዚያው ሳምንት ማጣሪያውን አይጠቡ።

የቤት ዕቃው ተጭኖ ካለቀ በኋላ አኳሪየሙ በመጨረሻ ይነሣ፤ ሲደርስ ደግሞ ቀድሞ ይውረድ። ማሞቂያው ከውኃው ከመውጣቱ ቢያንስ 20 ደቂቃ በፊት ከኤሌክትሪክ ይነቀል፤ እንደጋለ አየር ካገኘው መስታወቱ ይሰነጠቃል። ዕፅዋቱንና ድንጋዩን አውጥተው፣ ውኃውን በጎማ ስበው ቀንሰው ዓሣውን ይያዙ። ስፖንጁን በአሮጌው ውኃ በተሞላ ባልዲ ውስጥ ይንከሩት፤ ክዳኑ አየር እንዲያስገባ ይሁን። «ጠጠሩና ጥቂት ውኃ ውስጡ ቢቀር ምናለ?» የሚለው ስንፍና ብዙ ዋጋ ያስከፍላል፤ ክብደቱ መንገዱ ባነጠረው ቁጥር የመስታወቱን መጋጠሚያ ያላቅቃል። ባዶው ገንዳ ፍራሽ ላይ ይቀመጥ።

ለአጭር መንገድ ክዳን ያለው ባልዲና በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ይመረጣል። በፕላስቲክ ከረጢት ከሆነ ሲሶው ውኃ፣ ቀሪው አየር ይሁን፤ በአፍ አይነፋ፣ ትንፋሻችን ኦክስጅኑ የቀነሰ ነውና። እዚህ ላይ የውጭ መመሪያዎች የማያነሡት ነገር አለ። ሆሳዕና ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በዚህ ከፍታ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያነሰ ነው። ስለዚህ በአንድ ከረጢት ይገባል የተባለው የዓሣ ቁጥር እዚህ መቀነስ አለበት። ወርቃማ ዓሣ ብርድ ይችላል፤ ጉፒ ግን አይችልም፤ ከረጢቱን በጋቢ ጠቅልሎ ረፋድ ላይ መነሣት ይሻላል።

ሲደርሱ ውኃውን ሞልተው ማጣሪያውን ሳይውሉ ሳያድሩ ያስነሡ። ከረጢቱን ሳይከፍቱ ውኃው ላይ ለ20 ደቂቃ ያንሳፉት፣ ሙቀቱ እንዲስተካከል። አዲሱን ውኃ ቀስ በቀስ እየቀላቀሉ ማላመድ ለአጭር ጉዞ መልካም ነው። ለብዙ ሰዓት ተዘግቶ ለቆየ ከረጢት ግን ይህ ምክር አደገኛ ነው፦ ሲከፈት የታመቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፣ የውኃው አሲድነት ይቀንሳል፣ የተጠራቀመው አሞኒያም ያኔ ወደ ገዳይ መልኩ ይለወጣል። እንዲህ ሲሆን ዓሣውን ወዲያው በመረብ አንሥቶ ማስገባት፣ የከረጢቱን ውኃ መድፋት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ምግቡ ይቀንስ፤ አሞኒያ ከታየ ሩቡ ውኃ ይለወጥ።

ሁሉንም ዓሣ መውሰድ የማይችል ሰው ወንዝ ውስጥ አይልቀቅ። የጃጁራ አካባቢ ወንዞች ወደ ኦሞ ተፋሰስ ይወርዳሉ፤ መጤ ዝርያ አንዴ ከገባ ማውጣት ምን ያህል እንደሚከብድ እምቦጭ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጣና ላይ አሳይቷል። አኳሪየም ላለው ጎረቤት ወይም ትምህርት ቤት ይስጡ፤ ሲሰጡም ከራስዎ ማጣሪያ አንድ ቁራጭ ስፖንጅ ጨምረው ነው።