የቤት ማሞቂያ ከበረዶው ወራት በፊት የሚሻው ጥንቃቄ

ጥያቄ፦ በሚኒሶታ የምንኖርበትን ቤት የሚያሞቀው ፈርነስ የሚባለው የጋዝ ማሞቂያ ነው፤ በየዓመቱ ምን ዓይነት እንክብካቤ ያስፈልገዋል?

መልስ፦ ክቡር ጠያቂያችን፥ ቁርና አስሐትያ ከመበርታቱ አስቀድሞ፥ በወርኀ መስከረም ወይም በጥቅምት፥ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ጠርቶ ማስመርመር ተቀዳሚው ተግባር ሲሆን፥ ከእርስዎ የሚጠበቀው ደግሞ የአየር ማጣሪያውን በየወሩ እያወጡ መመልከትና፥ አቧራ ጠጥቶ ብርሃን አላሳልፍ ሲል፥ ስስ የሆነውንም ቢዘገይ በ3 ወር ውስጥ፥ መለወጥ ነው፤ አዲሱን ሲያስገቡ በክፈፉ ላይ የታተመው ቀስት ወደ ማሞቂያው ያመልክት።

ባለሙያው ከሚመረምረው ሁሉ እኔ አብልጬ የምሠጋው ስለ እሳቱ ክፍል ነው፤ ነበልባሉን በቤት ውስጥ ከሚዘዋወረው አየር የሚለየው ብረት የተሰነጠቀ እንደሆነ፥ ቀለምም ሽታም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተኛውን ሰው ሳይቀሰቅስ ነፍሱን ሊነጥቅ ይችላልና። ደኅነኛ ነበልባል ሰማያዊና የጸና ነው፤ ቢጫ ሆኖ ቢወላወል ማሞቂያውን አጥፍተው ባለሙያ ይጥሩ። በየፎቁና በመኝታ ክፍሎች አጠገብ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ደወል ሰቅለው በየወሩ ይፈትኑ፤ የጮኸ እንደሆነ፥ ምክንያቱን ልፈልግ ሳይሉ፥ ቤተሰቡን ይዘው ይውጡና ከደጅ ሆነው ወደ 911 ይደውሉ።

ብዙዎች የሚዘነጉት አንድ ነገር ቀርቷል፤ ጭሱ በግድግዳ በኩል በፕላስቲክ ቧንቧ የሚወጣ ከሆነ፥ በረዶ በጣለ ቁጥር አፉ እንዳይደፈን ዙሪያውን ይጥረጉለት።