ጎተራው፣ ገቢውና መዘግየቱ፦ ዋጋ ሲወጣ ለምን ሁላችንም አብረን እንሳሳታለን?

ዛሬ የዋጋ ዝርዝር የለም፤ ትምህርት ነው። (ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሰሞኑን የአንድ ገበሬዎች ዩኒየን ሥራ አስኪያጅ ደወሉልኝ። «ወንድሜ፣ የቡና ዋጋ እንዲህ ከሆነ አባሎቻችን የበቆሎውን መሬት ሁሉ ቡና ሊያደርጉት ነው። ምን ትላለህ?» አሉኝ። ቶሎ መመለስ አልቻልኩም፤ ምክንያቱም መልሱ የዛሬው ዋጋ ውስጥ የለም።

📌 1. ነገሩ ምንድን ነው?

ሲስተም ዳይናሚክስ የሚባል የአሠራር ዘዴ አለ። በ1950ዎቹ አሜሪካ ኤምአይቲ ውስጥ ጄይ ፎሬስተር የሚባል መሐንዲስ የጀመረው ነው። ስሙ ይከብዳል እንጂ ሐሳቡን ሁላችንም እናውቀዋለን። ጎተራ አለ። ወደ ጎተራው የሚገባ አለ፣ ከጎተራው የሚወጣ አለ። ዋጋ የሚከተለው ጎተራው መሙላቱንና መጉደሉን ነው። ዋጋው ደግሞ ዞሮ የሚገባውን ይወስናል፤ ሲወደድ ገበሬው ብዙ ይዘራል፣ ሲረክስ ይቀንሳል።

እስከዚህ ቀላል ነው። ጣጣው መዘግየቱ ላይ ነው። ዛሬ የተወሰነው ዛሬ ጎተራ አይገባም። በቆሎ ወራት ይፈልጋል፣ ቡና ደግሞ ከተከላ እስከ መጀመሪያው ፍሬ ሦስት አራት ዓመት ይፈጃል። በዚህ መሀል ሁሉም የሚያየው ያንኑ ውድ ዋጋ ስለሆነ፣ መትከሉን አያቆምም።

📌 2. የራሳችን ምሳሌ፦ በቆሎ ከ2001 እስከ 2003

በ1990ዎቹ አጋማሽ መንግሥት ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በስፋት ለገበሬው ማድረስ ጀመረ። ሠራ! በ2000 እና በ2001 ምርቱ ጥሩ ሆነ። ግን ምርቱን የሚይዝ በቂ መጋዘን፣ ነጋዴው የሚገዛበት ብድር፣ ትርፍ ካለበት ወደ ጎደለበት የሚወስድ መንገድ አብሮ አላደገም። የበቆሎ ዋጋ ከግማሽ በታች ወረደ። አንዳንድ ቦታ የመሰብሰቢያው ወጪ ከዋጋው በልጦ በቆሎው ማሳ ላይ ቀረ።

ቀጥሎ የሆነውን ልብ በሉ። የማዳበሪያ ዕዳውን መክፈል ያቃተው ገበሬ በሚቀጥለው ወቅት ግብዓት ቀነሰ። 2002 ላይ ዝናቡ ከዳ። በ2003 ወደ 13 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ የምግብ እርዳታ ጠባቂ ሆነ። ድርቁን ማንም አላመጣውም፤ ጉዳቱን ካባሱት አንዱ ግን ቀድሞ የወደቀው ዋጋ ነው። ፖሊሲው የጎተራውን መግቢያ አሰፋ፣ ጎተራውንና መውጫውን ረሳ።

📌 3. ቡናስ?

እስከ 1989 ዓለም አቀፉ የቡና ስምምነት በኮታ ገበያውን ይይዘው ነበር። ኮታው ሲፈርስ ዋጋ ወደቀ። በ1994 ብራዚልን ውርጭ መታት፣ ዋጋ ተተኮሰ። ያኔ ቬትናም በብዛት ተከለች፣ በአሥርቱ መጨረሻም ከብራዚል ቀጥላ ሁለተኛ ሆነች። 2001 መጨረሻ ላይ ኒውዮርክ አንድ ፓውንድ ቡና ከ50 ሳንቲም በታች ተሸጠ። ሐረርጌ ላይ ስንቱ ቡናውን ነቅሎ ጫት ተከለ!

በ2025 መጀመሪያ ደግሞ ያው ገበያ ከ4 ዶላር በላይ ደረሰ። አሁን ለምሳሌ ያህል እናስላ። ዓለም ላይ ፍሬ የሚሰጠው ቡና 100 ነው እንበል። በየዓመቱ ተጨማሪ 5 ቢተከል፣ በአራት ዓመት 20 ችግኝ መሬት ላይ ይኖራል፤ ገበያው ግን አሁንም የሚያየው 100 ብቻ ነው። ያ 20 ፍሬ መስጠት ሲጀምር «ዋጋው በድንገት ወደቀ» እንላለን። ድንገት አይደለም፤ አልቆጠርነውም እንጂ።

እኔም ይኼን በኪሴ ተምሬዋለሁ። አንድ ዓመት ሁሉም በቆሎ ሲያከማች አብሬ አከማቸሁ። ሁላችንም በአንድ ሳምንት መጋዘን ስንከፍት የከሰርኩትን እኔ አውቃለሁ።

📌 4. ለአገር ፖሊሲ ምን ይጠቅማል?

ግብርናውን፣ ገቢውን፣ ትምህርቱን፣ አካባቢውን አያይዞ የሚያሰላ ትሬሽሆልድ 21 የሚባል ሞዴል አለ፤ ኬንያን ጨምሮ የተለያዩ አገሮች ለልማት ዕቅድ ሞክረውታል። ሞዴል ጠንቋይ አይደለም፤ የነገን ዋጋ አይነግርም። ጥቅሙ «ምርት በእጥፍ ይደግ» ከማለት በፊት «የት ይቀመጣል? በምን ብር ይገዛል? ዋጋ ቢወርድ ገበሬው በሚቀጥለው ዓመት ምን ያደርጋል?» ብሎ ማስጠየቁ ነው።

📌 5. እኛስ ምን እናድርግ?

✅ ዩኒየኖች፦ የተሸጠውን ኩንታል ብቻ ሳይሆን የተከፋፈለውን ችግኝም በየዓመቱ መዝግቡ። የአራት ዓመት በኋላው ጎተራችሁ እሱ ነው።
✅ ላኪዎች፦ ከብራዚል የአየር ጠባይ ወሬ እኩል የሌሎች አገሮችን ተከላ ተከታተሉ።
✅ ነጋዴዎች፦ ከማከማቸታችሁ በፊት «እኔ የያዝኩትን ስንት ሰው ይዟል?» በሉ።

ለሥራ አስኪያጁ በማግሥቱ ደውዬ ይኼን አልኳቸው፦ «ጋሼ፣ ስሌቱን በዛሬ ዋጋ ሳይሆን በግማሹ ይሥሩት። በግማሹም ካላከሰረ ይትከሉ። መጀመሪያ ግን ያረጀውን ቡና ጎንድሉት፤ አዲስ መሬት አይጠይቅም። የበቆሎውን መሬት በሙሉ አትንኩ፤ ቡናው እስኪደርስ ቤተሰቡ የሚበላው ከዚያ ነው።»

ትንሽ ዝም ብለው «ችግኙ እኮ ታዟል» አሉኝ። ስንት እንደሆነ ስጠይቃቸው ቁጥሩን አያውቁትም ነበር።

እናንተስ ጋ ዘንድሮ ስንት ችግኝ ወጣ? ወረዳችሁን ጠቅሳችሁ ከታች ጻፉልን፣ አብረን እንቁጠር። መልካም ገበያ!